የኬንድራ የመጀመሪያ ቅርጫት

ሜይ 4 ቀን 1997
ከክሊርወተር ወንዝ ዳር

ለወንድሜ ለሌላንድ፣

ወንዙ የክረምቱን በረዶ አራግፎ መውረድ ጀምሯል፤ የመጀመሪያዎቹ የሳልሞን ዓሦችም ሽቅብ መጥተዋል። ውሃውን ስጠጣ ስምህን ጠርቻለሁ። የወሰደህ ባሕር ሳይሰስት ይመልስህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሁለታችንንም ያሳደጉን እማማ አግነስም ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ቢደክምም ምላሳቸው ገና እንደ ተሳለ ነው።

ልጅህ ኬንድራ ከሲያትል በሰላም ደርሳለች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ግማሽ ጸጉሯን አረንጓዴ ቀብታዋለች። እማማ አይታያቸውም ብዬ ተጽናንቼ ነበር፤ ገና ከደጃፉ "ይቺ ልጅ ራሷ ላይ ሣር በቅሏል እንዴ?" አሏት። ልጅቷ ስቃ ስቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእማማ ጎን አትጠፋም። ለእናቷም ለትምህርት ቤቱም አልታዘዝ ያለች ልጅ ለሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ካልሲ ስታወልቅ ማየት ደስ ይላል።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ከስፖኬን ከተማ ተማሪዎች ጋር ተዳብሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ በፈቃዳቸው አጥር ያድሳሉ፣ መጤ አረም ይነቅላሉ፤ እማማም ስለ ሜዳውና ስለ እኛ ስለ አገሩ ነባር ሕዝብ ያስተምሯቸዋል። "ነጮች ድሮ አካፋ ይዘው የመጡት መሬታችንን ሊወስዱ ነበር" ብዬ አሹፌ ነበር። እማማ ግን "እነዚህ ጠይቀው ነው የመጡት፣ ዝም በይ" አሉኝ።

ሥሩን የምንበላው የካማሱ አበባ ሲፈነዳ ልጆቹ ነጩን፣ መርዘኛውን አምሳያውን፣ ከሜዳው ያጸዳሉ። ነጩን ታስታውሰዋለህ፤ ሥሩ ትንሽ ሽንኩርት መስሎ ከካማሱ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ የሚለያቸው አበባቸው ብቻ ነው። ሰማያዊው ያበላል፣ ነጩ ይገድላል። የምንቆፍረው አበባው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ እኔም እማማም መለየት አንችልም። ለዚህ ነው ቤተሰባችን ከሜዳው ላይ ነጭ ሲያሳድድ የኖረው።

አዲሱን ሥር ለምንቀምስበት ግብዣ የደረቀ ዓሣ ከላክህልን ክሊፎርድ እንኳ ስላንተ ደህና ይናገር ይሆናል። እሱ ደወሉን ይዞ ጸሎትና ግብዣ የምናደርግበትን ረጅሙን ቤት ሲመራ ሰውን ሁሉ መገሠጽ ልማዱ ሆኗል።

እህትህ ሮዜላ


ሜይ 15 ቀን 1997
ከደች ሐርበር

ለታላቅ እህቴ ለሮዜላ፣

ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልኝ፤ ገና ብዙ ሜዳ ይጠብቀዋል። ደብዳቤሽ መርከባችን ወደብ ስትገባ ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እጄ ዓሣ ሆድ ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሰው "ከየት አገር ነህ?" አለኝ። "ከዚሁ አገር" ስለው "ማለቴ ከዚያ በፊትስ?" አለ። "ከዚያም በፊት ከዚሁ" ስለው ደንግጦ ቢላዋውን ጣለው።

የኬንድራን ነገር ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እናቷ ከአዲሱ ባሏ ጋር ፊኒክስ ከሄደች ወዲህ ይቺ ልጅ ትጠፋብኛለች ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም። አባትም ለልጁ አንድ ነገር ማስተማር አለበት ብዬ በዚሁ ፖስታ ለእሷ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። ልጅ ሆኜ ሴቶቹ ሲያወሩ ከምንጣፉ ጥግ የሰማሁትን ነው የጻፍኩላት፦ ከግብዣው ቁፋሮ በፊት ማንም ሰው ከመሬት ሥር አንዲት ነገር አያወጣም፣ መሬቱ ገና አልፈቀደምና። ይህን ካወቀች የከተማ ልጆች ፊት አታፍርም።

ዓሣውን እልካለሁ። በምትኩ ከመጀመሪያው ካማስ አንዲት ከረጢት ላኪልኝ። እዚህ የምንበላው ከቆርቆሮ ወጥቶ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ነው።

ወንድምሽ ሌላንድ


ጁን 22 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሌላንድ፣

ሰላምታዬ በሰሜን ነፋስ ላይ ተሳፍሮ ይድረስህ። ዓሣህ ደርሷል፤ ክሊፎርድ ቀምሶ ምንም አላለም፤ ይህ ከእሱ ምስጋና ነው።

ያኪማ ለለቅሶ ሄጄ ሰንብቼ ተመለስኩ። ሌላንድ፣ ሜዳውን ብታየው! አበባው ሊረግፍ ቢቃረብም ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፣ አንዲት ነጭ የለበትም። ሐይቅ የመጣ መስሎኝ መኪናዬን አቆምኩ። ለካ እኔ በሌለሁበት ኬንድራ የከተማ ልጆቹን እንደ ጄኔራል አሰልፋ ስታሠራ ሰንብታለች። እማማ መኪና ውስጥ ተቀምጠው "ነጭ ይታያችኋል?" ይሉ ነበር አሉ፤ ልጆቹ "የለም!" ብለው ሲጮሁ "ሌላ ረድፍ!" ይሏቸዋል።

አሁን ደግሞ የምሥራቼን ስማ። ልጅህ በዚህ ግብዣ የመጀመሪያ ቅርጫቷን ታቀርባለች። ወንድ ስለሆንክ በደንብ አታውቀው ይሆናል፤ ሴት ልጅ መጀመሪያ የቆፈረችውን ራሷ አትቀምስም። በእኛ ቤት ደግሞ ቅርጫቷ ውስጥ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም፤ አይለቅምላትም፣ አይመርጥላትም። በቅጠል ጠቅልላ ከሌላው ሥር ለይታ ጉድጓድ ውስጥ ታበስለዋለች። ከዚያ በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆነችው ሴት ሰው ሁሉ እያየ ትቀምስላታለች፣ ቅርጫቱም ቤቱን ይዞራል። ያን ጊዜ ልጅቷ ቆፋሪ ተባለች ማለት ነው።

ኬንድራ አረንጓዴውን ጸጉሯን ማንም ሳይላት በገዛ እጇ ቆረጠችው። የእናታችንን ቀሚስ ሳስለካት ልክክ አለላት። እኔ እንኳ አልቅሻለሁ፤ አልዋሽህም።

እህትህ ሮዜላ


ጁላይ 9 ቀን 1997
ከደች ሐርበር

ለእህቴ ለሮዜላ፣

ቤታችሁን ጤና ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ፣ ግን ተናድጃለሁ።

ከኬንድራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጣልኝ፤ በግብዣው ዕለት ማታውኑ የጻፈችው ነው። ካንቺ ግን አንዲት ቃል የለም። ልጅቷ "አባዬ፣ እማማ አግነስ ከቅርጫቴ አንድ ቀመሱና ሌላውን በነጠላቸው ሸፍነው ለማንም አልሰጥም አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። የስፖኬን ልጆች እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። ምን አጠፋሁ?" ትላለች። ወረቀቱ ረጥቦ ደርቋል፤ በዝናብ ነው እንዳትይኝ።

ይህን ለእማማ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦ እማማ አግነስ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፣ ክብርዎ አይጉደል። ግን ከመቼ ወዲህ ነው በእኛ ቤት ሽማግሌ የሚሰስተው? እኔን ግማሽ ብስኩት ለጎረቤት ልጅ ካላካፈልክ ብለው ጆሮዬን ሲጎትቱ አልነበረም? ጆሮዬ እስካሁን ረጅም ነው! አሁን አንዲት ቅርጫት ሲያገኙ እንደ ድብ ተቀመጡበት? ለሆድዎ ብለው ልጄን በሰው ፊት አዋረዷት። ለክረምት እንቅልፍ ስብ እያጠራቀሙ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ከዚህ ዓሣ እልካለሁ።

መልስ እጠብቃለሁ። ካማሱም አልደረሰኝም፤ እሱንም እሳቸው በልተውት ይሆናል።

ሌላንድ


ጁላይ 20 ቀን 1997

ሌላንድ፣

ፈጣሪ ልብህን ይያዝልህ። ሰው ከሌለበት ቦታ ተቀመጥና አንብበው። ቶሎ ያልጻፍኩልህ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

በግብዣው ቀን ክሊፎርድ ደወሉን መታ፤ ውሃውን ጠጣን፤ ሳልሞኑ ቀረበ፣ የአጋዘኑ ሥጋ ቀረበ። ከዚያ ኬንድራ በእናታችን ቀሚስ መጥታ እማማ ፊት ተንበረከከች። ቅርጫቷ ሞልቷል፤ ሥሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ በስሏል። የከተማው ተማሪዎች ምንጣፉ ዳር በሰልፍ ተቀምጠዋል፣ የእኛም ልጆች አሉ። እማማ ትልቁን መርጠው አመሰገኑና ጎረሱ።

አኝከው አኝከው መንጋጋቸው ቆመ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ መንጋጋቸው ብቻ ነው የቆመው። ኬንድራን አዩዋት። ከዚያ ዋጡት። ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ አወጡና ነጠላቸውን ከላዩ ላይ ጣል አደረጉ።

"ይሄ የእኔ ነው" አሉ።

"ሁሉም?" አለ ክሊፎርድ።

"ሁሉም። አርጅቻለሁ፤ ጣፋጭ ነገር ከእንግዲህ አላካፍልም።"

"ኧረ እማማ! ድሮ የማያካፍሉት ባልዎን ብቻ ነበር!" አለ ክሊፎርድ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ሌላንድ፤ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። አንዲት የስፖኬን ልጅ እጇን ወደ ቅርጫቱ ስትዘረጋ እማማ መዳፏን ቸብ አደረጓት፤ አሁንም ተሳቀ። ኬንድራ ግን ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወጣች።

"ሮዜላ፣ ሽንት ቤት ውሰጂኝ" አሉኝ። ቅርጫቱን ታቅፈው ነው የተነሡት። ከመኪናው ጀርባ ስንደርስ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ምራቃቸው በአገጫቸው መውረድ ጀመረ።

"ነጩ ነው" አሉኝ። "ገና ስነክሰው ምላሴን አደነዘዘው። ቅርጫቱን ውሰጂ፣ ውሻም እንዳይቀምሰው። ልጅቷ እንዳትሰማ።"

"ታዲያ ለምን አልተፉትም?" ብዬ ጮህኩባቸው።

"እያየችኝ እኮ ነበር" አሉ።

ከተማ ሆስፒታል ስናደርሳቸው ልባቸው ሊቆም ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ምን እንደበሉ ስነግረው እሱም ደንግጦ ድገሚልኝ አለኝ። ተርፈዋል፤ ግን እስካሁን ከአልጋ አልወረዱም፤ ልባቸው አንዴ ይሮጣል አንዴ ይተኛል። ለኬንድራ "የልብ ሕመም ነው" አልናት። እንግዲህ አስበው፤ ያ ቅርጫት ቤቱን ቢዞር ኖሮ ስንት ልጅ ነበር የምንቀብረው?

በማግስቱ እስካሁን ኬንድራ ብቻ ወደቆፈረችበት ሜዳችን ሄድኩ። ካማሱ መሃል ተንበርክኬ ሳይ፣ ከመሬት በላይ በጣት የተቆረጡ ደረቅ አገዳዎች አሉ፤ እዚህም እዚያም፣ በየረድፉ። ነጩ አልተነቀለም። አበባው ብቻ ተቀጥፎ ሥሩ ስም አልባ ሆኖ መሬት ውስጥ ቀርቷል። ቤት ገብቼ ኬንድራን ምንም እንዳልተፈጠረ አስመስዬ "ነጩን እንዴት ነበር ያጸዳችሁት?" አልኳት።

"ላይ ላዩን ነዋ፣ አክስቴ። ልጆቹ ከነሥሩ ሊቆፍሩት ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ከግብዣው ቁፋሮ በፊት ከመሬት ሥር ምንም አይወጣም፤ አባዬ ጽፎልኛል" አለችኝ። ኩራቷን ብታይ!

ሌላንድ፣ ያልካት ሕግ እውነት ነው። ግን የሚሠራው ለምግቡ ነው እንጂ ለነጩ አይደለም። ነጩ ሁልጊዜም ከነሥሩ ይወጣል፤ እማማ "አጽዱ" ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው። ይህን ለሴት ልጅ የሚነግራት የለም፣ ከእናቷ ጎን ተንበርክካ ነው የምታየው። አንተ ደግሞ ወንድ ነህ፤ ከምንጣፉ ጥግ ግማሹን ሰምተህ ግማሹን ላክህላት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉሃል ይሄ ነው። እኔም አብሬያት መሆን ሲገባኝ ለቅሶ ላይ ነበርኩ።

ደብዳቤህን ለእማማ አነበብኩላቸው። ልደብቀው ነበር፣ ፖስታው ሲንኮሻኮሽ ሰምተው አስገደዱኝ። እያንዳንዷን ቃል ሳነብ ምድር ብትውጠኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን ነርሷ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቁ። "ልክ ነው በይው፤ ሰስቻለሁ። ልጅቷም እንደዚያው ትመን" አሉ።

ሮዜላ


ኦገስት 14 ቀን 1997

እህቴ ሮዜላ፣

ሰላምታ እንኳ አይወጣኝም። ተቀምጠህ አንብብ ያልሽውን አልሰማሁሽም፤ ሥራው መሃል ቆሜ ነው ያነበብኩት። የዓሣ መቁረጫውን ማሽን ያቆሙት ሌሎች ሰዎች ናቸው እንጂ እኔ እጄ የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

እንደ ድብ ተቀመጡበት አልኳቸው። ለሆድዎ ብለው አልኳቸው። እሳቸው የእኔን ልጅና የሰውን ልጅ ሁሉ ሞት ጭናቸው ላይ ይዘው ሲሰደቡ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ጨመርኩበት። ይህን ከአፌ ማን ይመልስልኛል?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለኬንድራ አትንገሪያት። እማማ እንዳሉት ሰስተዋል ትበል፣ ትጥላቸው፣ ምንም ትበል። ገና ልጅ ናት፤ ይህን ተሸክማ መኖር አትችልም። ልጽፍላት ሦስቴ ጀምሬ ቀደድኩት። ምን ብዬ እጽፍላታለሁ?

ካማሱን አትላኪልኝ።

ሌላንድ


ኦክቶበር 12 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሌላንድ፣

ባሕሩ ይረጋልህ፣ አንተም ተረጋጋ። እማማ ቤት ገብተዋል፤ በዱላ ከአልጋ እስከ በረንዳ ይደርሳሉ።

የለመንከኝን መፈጸም አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ስማ። ከስፖኬን የሚመጣው መምህር የሚቀጥለው ጸደይ ሌላ ሦስት ትምህርት ቤት ይዞ እንደሚመጣ ተናገረ፤ ሥራውን የምትመራውም ኬንድራ እንድትሆን ልጆቹ ራሳቸው መረጧት። ልጅቷ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በረንዳው ላይ ከእማማ ፊት ቆማ ንግግሯን መለማመድ ጀመረች። "ሰላም፣ ስሜ ኬንድራ ነው። እኛ ሰዎች መሬቱን እናከብራለን። ስለዚህ ነጩን አበባ ስታገኙ ሥሩን አትንኩ፣ ላዩን ብቻ ቅጠፉ።"

እማማን አየኋቸው፣ እሳቸውም በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚህ በኋላ ዝም ብንል ውሸታችን ራሱ መርዝ ይሆን ነበር።

"ነይ እዚህ ቁጭ በይ" አሏት። እጇን ይዘው ነገሯት። አላቆላመጡትም፣ አላስረዘሙትም። "ቅርጫትሽ ውስጥ ነጩ ነበር፣ የኔ ልጅ። እኔን የጣለኝ የልብ ሕመም ሳይሆን እሱ ነው። ሥሩን ትተሽው ስለነበር ነው ከካማሱ ጋር የተቀላቀለው።"

መጀመሪያ ሳቀች። "ይቀልዳሉ አይደል? አክስቴ፣ እየቀለዱ ነው አይደል?" እኔ አንገቴን ስደፋ ከከንፈሯ ደም ሸሸ። ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም፤ "ልጆቹም ሊበሉት ነበር?" አለች። እማማ "አዎ" አሉ። ልጅቷ ከበረንዳው ወርዳ ሣሩ ላይ አስታወከች።

ከእንግዲህ አልቆፍርም ለማለት መቆፈሪያ ዱላዋን ክሊፎርድ ቤት ወስዳ በሩ ላይ አስደግፋው ተመለሰች። በቅዳሜው ግን፣ አትሂጂ እያልኳት፣ የተማሪዎቹ አውቶቡስ ሲደርስ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ራሷ ነገረቻቸው። አንድም ቃል አልቀነሰችም። ያቺ መዳፏን የተመታችው ልጅ "እጄን ዘርግቼ ነበር እኮ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር" እያለች እጇን ታገላብጠው ጀመር። አውቶቡሱን ይነዳ የነበረው መምህርም መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆየ።

ኬንድራ ሕጉን የጻፍክላትን ደብዳቤ አልቀደደችውም፤ አንስታ የት እንዳኖረችው አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፖስታ ቤት በኩል ዞራ ነው የምትመጣው። ምን እንደምትጠብቅ አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። አባቷ ምን እንዳለ ግን ማወቅ ትፈልጋለች።

እህትህ ሮዜላ


ጃንዋሪ 30 ቀን 1998
ከደች ሐርበር

ለእህቴ ለሮዜላ፣

አዲሱ ዓመት ለቤታችሁ መልካም ይሁን። ብርዱ ከባድ ነው፣ ሥራውም በዝቷል፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

አስቤበታለሁ፤ ኬንድራ ወደ ሲያትል ብትመለስ ይሻላል። እዚያ የእናቷ እህት አለች። ያ ሜዳ ለእሷ አልሆነም። እዚያ ሆና ያንን ሁሉ ሰው በየቀኑ ከምታይ ብትረሳው ይበጃታል።

ለእማማ እግራቸውን እንደምስም ንገሪያቸው። ለኬንድራም ሰላም በይልኝ።

ሌላንድ


ጁላይ 2 ቀን 1998

ለወንድሜ ለሌላንድ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ካለህበት። በጃንዋሪ ያልከውን ለኬንድራ አንብቤላት ነበር። "የትም አልሄድም" ብላ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ አልጻፍክም፣ እኔም አልጻፍኩም። ዛሬ ግን ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም።

አበባው በፈነዳ ጊዜ ሦስቱም ትምህርት ቤቶች መጡ። ዘንድሮ ሴቶቻችን ሁሉ ከልጆቹ ጎን ተንበርክከዋል፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ። ኬንድራ መሪ አልሆንም አለች፤ ግን ከሁሉ ቀድማ ትገባና ከሁሉ በኋላ ትወጣለች። ነጩን በባዶ እጇ እስከ ሥሩ ተከትላ አውጥታ አጠገቧ ላለው ልጅ ታሳያለች። "ይሄውልህ፣ ከታች ሳይሰበር" ትላለች፤ ሌላ ንግግር የላትም። አምና የቀጠፉት ዘንድሮ እንደገና አብቦ ነበርና አገኘነው።

ክሊፎርድም አንድ ቀን መቆፈሪያዋን ይዞ መጣ። ለእጀታው የአጋዘን ቀንድ አስገብቶለታል። አጥሩ ላይ አስደግፎት ሄደ። እማማ የመቆፈሪያውን ኮሽታ ሲሰሙ "የዚች ልጅ የመጀመሪያ ቅርጫት ገና አልዞረም" አሉ። ኬንድራ ብዙ ቀን ሳትነካው ዙሪያውን ስትሄድ ከረመች። ከዚያ አንድ ጠዋት መቆፈሪያውም እሷም አጥሩ ጋ አልነበሩም።

ግብዣው ትናንት ነበር። ውሃው ተጠጣ፣ ሳልሞኑ ቀረበ። ኬንድራ ቅርጫቷን ይዛ ገባች። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ግን እናቶች ሕፃኖቻቸውን ወደ ጭናቸው ሲስቡ አይቻለሁ። እሷም አይታለች። እማማ ፊት ተንበረከከች። እማማ ደግሞ ያ ሁሉ እንዳልደረሰባቸው ሁሉ ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ኬንድራ ቅርጫቱን ወደ ኋላ ሳበችው። ከላይ አንዱን አንስታ ጎረሰች።

ሌላንድ፣ የቤቱን ድንጋጤ በወረቀት ልነግርህ አልችልም። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። እኔ "አይሆንም!" ብዬ መጮሄን የነገሩኝ ኋላ ነው። ክሊፎርድ ደወሉን እየመታ ተነሣ። "ነውር ነው! ቆፋሪ የራሷን አትቀምስም! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ልጅቷ እጇን እስከ ታች ከትታ ሁለተኛ አወጣችና በላች። ከጥጉ ሦስተኛ በላች። አፏን ጠርጋ ቅርጫቱን በሁለት እጇ ያዘችና "ጠብቁ" አለች።

ጠበቅን። ምን እናድርግ? ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሁሉ አንዲት ልጅ እያየ ጠበቀ። ሳልሞኑ ቀዘቀዘ። ክሊፎርድ ደወሉን ይዞ እንደቆመ ቀረ። እኔ ከንፈሯን ነበር የማየው፤ ምራቅ ይወርድ ይሆን፣ ቀለሙ ይለወጥ ይሆን እያልኩ የምጸልየውን እንኳ ረሳሁ። የስፖኬኗ ልጅ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ማንም አልከለከላትም።

"ልጄ፣ ርቦኛል" አሉ እማማ።

"ትንሽ ይቆዩ፣ እማማ።"

"ቀድሞ የሚያልቀው ቀኑ ነው ወይስ የእኔ ዕድሜ?"

"ይቆዩ አልኩ!"

ከበሩ የገባው ፀሐይ ከምንጣፉ ላይ እስኪወጣ ቆየን። ከዚያ ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ወስዳ ቅርጫቱን እማማ ጭን ላይ አኖረችው። እማማ ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ፣ ሌላ ደገሙ፣ ለእኔ አቀበሉኝ። እኔም በላሁ። ክሊፎርድ ቀጠለ። ከዚያ ቅርጫቱ ተማሪዎቹን አዳርሶ ባዶውን ተመለሰ፤ ሳይቀምስ ያሳለፈው አንድም ሰው የለም። ክሊፎርድም ተነሥቶ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቆፋሪዋ እንድትቀድም ብሎ ደወሉን መታ።

ማታ ጸጉሯን እየጎነጎንኩላት ለምን እንዲያ እንዳደረገች ጠየቅኋት። "ስህተት ካለበት መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ብዬ ነው" አለችኝ።

ይህን ያለችኝ ገና አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ናት። አንተ ያንን ስህተት ሸሽተህ ዓመት ሙሉ ባሕር ላይ ስትደበቅ፣ እሷ አፏ ውስጥ ከተተችው። ዛሬም ጠዋት በፖስታ ቤት በኩል ዞራ ነው የመጣችው፣ ሌላንድ። ከዚህ በኋላ ለእኔ አትጻፍ፤ በእኔ ስም የመጣውን ፖስታ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። በእሷ ስም የመጣውን ግን በሩጫ አደርስላታለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ።

እህትህ ሮዜላ